እጇ የማይደርስበት

ቁስል ማጠብ የሚያስጠላ ሥራ ነው የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እኔን ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ የሚያስጠላኝ ቁስሉ ሳይሆን አስታማሚው ነው። አስታማሚ የሳምንት ቃጠሎ ይዞ መጥቶ «ትናንት ነው» ይላል። «ምንም አልቀባናትም» እያለ ይምላል፤ እኔ ደግሞ ከቁስሉ ላይ እበትና ቅቤ ስጠርግ እውላለሁ። ቁስል እንዲህ አያደርግም። ስንት ቀኑ እንደሆነ፣ ምን እንደነካው፣ ማን ችላ እንዳለው ገልጠህ ስታየው ይነግርሃል። ቁስል አይዋሽም፤ ለተማሪ ነርሶች መጀመሪያ የማስተምረው ይህንን ነው።

ስሜ ፈውዚያ ነው። ኩታበር ተወልጄ ያደግኩ የአስቀሪ፣ የቁርአን አስተማሪ፣ ልጅ ነኝ። መካነ ሰላም መጥቼ ቁስል ማጠቢያ ክፍል ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ባሌ ደሴ ላይ ሁለተኛ ሚስት አገባና ቀስ በቀስ ሁለተኛዋን አንደኛ አደረጋት፤ እኔም መርቄ ተውኩላትና አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ይህን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ብቸኝነትን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ ስኮራ የኖርኩ ሴት መሆኔን እንድታውቁልኝ ነው። የብርሀንነሽን ሳይ ግን የእኔው ብቸኝነት የሚባል እንዳልሆነ ገባኝ፤ እሱም የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ብርሀንነሽ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ከመካነ ሰላም በእግር አራት ሰዓት ከሚያስኬድ ደጋ ቀበሌ፣ ከወንድሟ ከአድማሴ ጓሮ በተሠራች ጎጆ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። በዚህ በሽታ ነገር ያገሬ ሰው አንድ የማይለቀው እምነት አለው፤ የወደቀውን ሰው ሲንፈራገጥ የነካ፣ አረፋው የደረሰበት፣ በሽታው ይጋባበታል ይላል። ስለዚህ ሰው ሲወድቅ ማንም አይነካውም። ክብሪት ይጫርና ጭሱን እንዲያሸት አፍንጫው ሥር ይያዝለታል፤ ከዚያ እስኪያልፍለት ዙሪያውን ቆሞ ማየት ነው። እሷን ደግሞ ሳትወድቅም አይነኳትም። መቼ እንደምትወድቅ ማን ያውቃል?

የምትኖረው ጥጥ በመፍተል ነው። ግራ እጇ ጥጡን ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ ቀኝ እጇ እንዝርቱን ያሾራል፤ ፈትሏ ቀጭን ነው፣ ጥበብ ለማሠራት የፈለገ ሁሉ ይልክላታል። ታዲያ ጥጡን በእጇ የሚሰጣት የለም። ከበሯ ፊት ያለው ድንጋይ ላይ ያስቀምጡታል። ስትጨርስ እሷም ልቃቂቱን እዚያው ድንጋይ ላይ ታኖረዋለች፣ እነሱም መጥተው ያነሱታል። በዚያ ድንጋይ ሀያ አንድ ዓመት ከሰው ጋር ኖራለች።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ወደ ቃጠሎው ልግባ። የቅበላ ሰሞን ነው፤ ጎረቤት የተዝካር ድግስ አለ፣ ደጅ ላይ ትልልቅ ድስት ተጥዷል። ብርሀንነሽን ምግብ አያስነኳትም። እንጨት ማቅረብ ግን ፈቅደውላታል፤ እሳት አይረክስም ብለው መሰለኝ። እንጨቱን ስትማግድ በሽታዋ ጣላት፤ በጀርባዋ፣ በግራ ትከሻዋ በኩል፣ ፍሙ ጫፍ ላይ ወደቀች።

ድግሱ ላይ ሰባ የሚሆን ሰው ነበር። ሁሉም በአንድ አፍ «ክብሪት! ክብሪት አምጡ!» አለ። እሳት ላይ ለወደቀች ሴት ክብሪት ፍለጋ ሮጡ። ሲያገኙም ጭረው በሩቁ ዘረጉላት፤ ልብሷ ሲያያዝ እያዩ የክብሪት ጭስ ያሸቷታል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው እያለ የሚተርት ሰው ነው እንግዲህ ይህ። በመጨረሻ ወንድሟ አድማሴ ከአውድማ መንሽ ይዞ ደረሰ፤ ጭድ የሚያነሱበትን ባለጣት እንጨት ማለቴ ነው። በመንሹ ቀሚሷን ወግቶ ያዘና እየጎተተ ከእሳቱ አወጣት። በእጁ አይደለም፣ በመንሽ። ዳሌዋ ላይ የመንሹ ጫፍ የወጋትን ሁለት ቀዳዳ እኔ ነኝ ያጠብኩት።

ይህን የነገረኝ ራሱ አድማሴ ነው፤ ሆስፒታሉ ደጅ ግድግዳ ተደግፎ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ እያለቀሰ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ሰድቤው እገላገል ነበር። በቃሬዛ ያመጧትም ስምንት ሆነው እየተቀባበሉ ነው። ቃሬዛ ለዚህ ይመቻል፤ እንጨቱን ትይዛለህ እንጂ ሰውየውን ሳትነካ ተራራ ትወርዳለህ።

ቃጠሎው ከአንገቷ ሥር ጀምሮ ግራ ትከሻዋን፣ ክንዷን እስከ ክርኗ፣ ጀርባዋንም እስከ ትከሻ አጥንቷ ግርጌ ድረስ ይዟል። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፋሻውን በጨው ውኃ አርሼ እፈታለሁ፣ የሞተውን አነሳለሁ፣ አጥቤ እንደገና አሽጋለሁ። ይህ ሥራ ምን ያህል እንደሚያም ያልተቃጠለ አያውቀውም። የጋሪዬን ጎማ ድምፅ ሲሰሙ ብርድ ልብስ ውስጥ የሚደበቁ ትልልቅ ወንዶች አውቃለሁ። እሷ ግን ስደርስ ልብሷን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ጀርባዋን ወደ በሩ አዙራ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

«ጩኺ፣ ነውር የለውም» አልኳት በሁለተኛው ቀን።

«አልጮህም ሲስተር።»

«አላመመሽም?»

«በጣም ያመኛል እንጂ» አለች። ዓይኗን ጨፍና ነበር። ከዚያ «እጅዎ ይሞቃል» አለችኝ። «በጓንቱ ውስጥ እንኳ ይሞቃል።»

«አርፈሽ ተቀመጪ» አልኳት። የጀግና ዘር ናት ብዬ ደመደምኩ። ለሌሎቹ በሽተኞችም «ከብርሀንነሽ ተማሩ፣ እናንተ የወንድ አልጫዎች» እያልኩ እየተሳደብኩ ምሳሌ አደረግኳት። እንዲህ በራሴ ተማምኜ የተሳሳትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ቁስሉ ጸድቶ ቀላ፣ ግን አልሸፈን አለ። እዚህ ላይ ነው ፍርሃቱ። እንዲህ ያለ ቁስል ክፍቱን ከቆየ ሲድን እየተኮማተረ ይድናል፤ አንገትን ወደ ትከሻ ይስባል፣ ክንድን ከጎን ያጣብቃል። የብርሀንነሽ ግራ ክንድ ከጎኗ ከተጣበቀ ጥጥ ከፍ አድርጎ የሚይዝ እጅ የላትም። ፈትል ከሌለ ደግሞ ድንጋዩ ላይ ጥጥ የሚያስቀምጥ የለም። ያቺ ድንጋይ እንኳ ባዶዋን ልትቀር ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ዶክተር አለኸኝ ከደሴ የመጣው። ወጣት የቃጠሎ ሐኪም ነው፤ ከእንስሳ የሚሠራ የቆዳ ምትክ ለቃጠሎ እየሞከሩ ስለነበር ጥቂት ብልቃጥ ይዞ ወደ እኛ ዘለቀ። ቁስሏን አየና «ለዚህች ነው የሚሆነው» አለ። አድማሴን አስጠርቶ አዲስ አበባ ለተማረ ሰው እንደሚያስረዳ ሁሉ አስረዳው፤ የእንስሳ ቆዳ ተጠርጎ፣ ተዘፍዝፎ፣ ጀርሙ ተገድሎ ቁስል ላይ እንደሚለጠፍ፣ የራሷ ቆዳ ከሥሩ እስኪበቅል እንደ ክዳን እንደሚጠብቃት።

አድማሴ አንገቱን ደፍቶ ሰማና እኔን አየት አድርጎ ዞር አለ። «ይቅርታ ያርጉልኝ ሲስተር፣ እርስዎን ለማስቀየም አይደለም» አለ። «ከብቱን የባረከው ማነው? የእናንተ ሰው ነው የእኛ?»

ዶክተሩ ግራ ገባው። «አትበላውም እኮ፤ ጀርባዋ ላይ ነው የሚሆነው።»

«በአፍ ባይገባም በገላ ይገባል ጌታዬ። ኋላ ማኅበርተኛው ቢሰማስ? መጀመሪያውኑ የሚቀርባት የለም።»

ወላሂ ከሳቅ ይልቅ ንዴት ቀደመኝ። በመንሽ ጎትቶ ያወጣት ሰው አሁን ባራኪ ይጠይቃል! ግን ደግሞ እውነቱን ነው፤ ሥጋ የእስላም የክርስቲያን ተብሎ በሚለይበት አገር፣ በሰርግ እንኳ ለሁለቱ ለየብቻ በሚታረድበት አገር፣ ያልጠየቀ ሰው ነው የሚገርመው። ዶክተሩ ያልነገረውን ነገርኩት።

«አድማሴ፣ ከብት አይደለም፤ ዓሣ ነው። ዓሣን ቄስም ሸህም አይባርከውም። ከውኃ ሲወጣ በራሱ ጊዜ ይሞታል።»

ፊቱ ፈታ አለ። «ኧረ! ዓሣማ የማንም አይደለም» አለ።

«የማንም ካልሆነ ለእኔ ይሆናል» አለች ብርሀንነሽ ከአልጋው ላይ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። «ሲስተር፣ ጾሜን አያስገድፈኝም?»

«የሚጾመው አፍሽ ነው ጀርባሽ?»

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገናኝተው ነበር፤ እሷም ጾመኛ እኔም ጾመኛ፣ ሁለታችንም ከንፈራችን ደርቋል። በማግስቱ ጠዋት ዶክተሩና እኔ ቆዳውን ከብልቃጡ አውጥተን ደጋግመን አጠብነው። ነጣ ያለ፣ የቅርፊቱ ምልክት እንደ ሰፌድ ስፌት የሚታይበት ስስ ነገር ነው። እየቆረጥን ቁስሉ ላይ አነጠፍነው፤ ያለ ክር ያለ ፕላስተር ጥብቅ ብሎ ተቀመጠ። ከላዩ ፋሻ ጠመጠምኩና ዶክተሩ ትእዛዙን ሰጠ። ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ማንም አይንካው፤ አይታጠብም፣ አይፈታም፤ ሲደርስ ራሱ ይለቃል። የዚህ ነገር ጥቅሙ ይህ ነው፣ በሽተኛዋ በየቀኑ አትሠቃይም።

እኔም ደስ አለኝ። እዋሻለሁ እንዴ? በረመዳን ጾም አፌ አንድ ትልቅ ቃጠሎ ከጫንቃዬ ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሪዬን እየገፋሁ በአልጋዋ በኩል ሳልፍ ከበሩ ላይ ሆኜ «ብርሀንነሽ፣ እንዴት አደርሽ?» እላለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ አልፋለሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዷ ጀርባዋን ወደ በሩ አዙራ እንደምትቀመጥ አይቻለሁ። ልማድ ሆኖባት ነው ብዬ ተውኩት።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት የብርሀንነሽ ፋሻ ወለሉ ላይ ተፈትቶ አገኘሁት። እሷ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ ብላለች። ከትከሻዋ ላይ ያለው የዓሣ ቆዳ ተልጧል፤ ሊበቅል የጀመረውን የራሷን ቆዳ ይዞ ስለተነሳ ደም እስከ ወገቧ ወርዷል። የተላጠውን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች።

ጮህኩባት። ግቢው ሁሉ ሰማኝ። አበድሽ ወይ አልኳት፣ ክንድሽን ልትቆርጪው ነው አልኳት፣ ዶክተሩ ከደሴ ድረስ ለማን ብሎ የመጣ መሰለሽ አልኳት፤ አሁን ስጽፈው የሚያሳፍረኝን ሌላም አልኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ቆዳው ሲመጣ እርስዎ ሄዱ» አለች።

«የት ሄድኩ? እዚሁ ነኝ፣ በየቀኑ አላይሽም እንዴ?»

«ያዩኛል። ሁሉም ያየኛል ሲስተር፤ ስወድቅ አገሩ በሙሉ ነው ቆሞ የሚያየኝ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እናቴ ከሞተች ወዲህ ሰው የነካኝ እዚህ ነው። በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ። ያማል፣ አዎ ያማል፤ ግን የሚያመኝ ሰው ነው። ዓሣው አያመኝም። ዓሣው ምንም አይለኝም።»

ለሁሉ ነገር መልስ ያለኝ እኔ፣ ኮሪደር ወጥቼ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ከፍቼ ቆምኩ። ያ ሁሉ ጠዋት ጀግንነት እያልኩ ሳሞግሰው የኖርኩት ረኀብ ነበር። ቧንቧውን ከፍቼ ያለቀስኩት ለእሷ ብቻ እንዳልሆነም አውቀዋለሁ። ከሥራ ስገባ በሬን ከውስጥ የምቆልፈው ሴት፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ገላ ስነካ ውዬ እኔን መቼ ሰው እንደነካኝ ማስታወስ አቃተኝ።

ዶክተር አለኸኝ ጋ ደወልኩ። አንድ ብልቃጥ ቀርቶት ነበር፤ ለሌላ ታካሚ ያሰበው ነው። እንዴት ተላጠ ብሎ ሲጠይቀኝ «በሽታዋ ጥሏት በግድግዳ ፈገፈገችው» አልኩት። አስታማሚን ውሸታም እያልኩ ስሰድብ የኖርኩት ሴትዮ ዓይኔን ሳላሽ ዋሸሁ። እየተነጫነጨ ላከልን። እንደገና ለጠፍነው።

ስንጨርስ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ጓንቴን አወለቅኩ። «ስሚኝ» አልኳት። «ግራሽን አንነካውም፣ እኔም አንቺም። ቀኝ እጅሽ ግን ጤነኛ ነው። በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ መጥቼ የልብ ምትሽን እቆጥራለሁ።» የልብ ምቷ የሚያስቆጥር ነገር አልነበረውም። ቀኝ አንጓዋን ያዝኩ። አንድ ደቂቃ ነው የሚቆጠረው፤ እኔ ግን ሰዓቴን ማየት ተውኩ። እጇ በፈትል ብዛት ጣቷ ጫፍ ላይ ጠንክሯል፤ መጀመሪያ እንደ እንጨት ደርቆ ቆየ፣ ኋላ ጣቶቿ ቀስ ብለው መዳፌ ላይ ታጠፉ። እንዲህ አድርገን ቀኖቹን ገፋን።

በዚያው መሀል አንድ ቀን ረፋድ ላይ እጇን ይዤ ሳለሁ በሽታዋ ጣላት። በጎኗ አስተኛኋት፣ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረግኩ፣ አረፋዋን በፋሻ ጠረግኩ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው አስታማሚ ሁሉ ተነስቶ ወጣ። አንዲት ሴት ከበሩ ላይ ክብሪት ዘረጋችልኝ። «ክብሪትሽን ለራስሽ ምድጃ!» አልኳት። ስትነቃ የት እንዳለች ለማወቅ ትንሽ ፈጀባት። ከዚያ ጭኔ ላይ መሆኗን አወቀችና እንደ ሌባ ደንግጣ ልትነሳ ታገለች። «አብሽሪ፣ ተኚ» አልኳት። ያን ቀን ለሐኪሙ ነግሬ የሚጥል በሽታ ኪኒን አስጀመርኳት፤ በየጤና ጣቢያው ያለ፣ ሀያ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ያልሰጣት ኪኒን ነው።

ሁለተኛው ከተለጠፈ በአሥራ ሦስተኛው ቀን የዓሣው ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ደርቆ ጠርዙ ተነሳ። በጨው ውኃ እያራስኩ ሳነሳው ሳይጎትት፣ ሳይደማ ለቀቀ። ከሥሩ የሷ ቆዳ ነበር፤ ሮዝ፣ ስስ፣ የሚያብለጨልጭ። ከደሴ የተመለሰው ዶክተር «ክንድሽን አንሺ» አላት። ክንዷ ወጣ፣ ከጆሮዋ አለፈ፣ ጥጥ የምትይዝ ይመስል ከፍ ብሎ ቆመ። ማሻአላህ አልኩ፣ አድማሴ እልል አለ፣ ወንድ ልጅ እልል ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ብርሀንነሽ ከፍ ያለውን እጇን እያየች «እንግዲህ ልሄድ ነው» አለች።

ልትሄድ ነው። የዳነ ሰው አልጋ አይይዝም። ሌላ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቃጠሎ ጠባሳ እንዳይደርቅና እንዳይኮማተር ጠዋትና ማታ ቫዝሊን እየተቀባ ጠበቅ ተደርጎ መታሸት አለበት። ይህ እውነተኛ ሕክምና ነው፣ ፈጥሬ ያዘዝኩት አይደለም። ትከሻዋንና ክንዷን ራሷ ትችላለች። ጀርባዋ ላይ ያለው ግን የራሷ እጅ አይደርስበትም፤ የሌላ ሰው እጅ ይፈልጋል። ይህንን ሳስብ የተደሰትኩትን ደስታ አልነግራችሁም። ሰው እንዲነካት በማኅተም ላዝዝላት ነው!

የአድማሴ ሚስት አልታዬ በቅሎ ይዛ ልትወስዳት መጥታ ነበር። ፊት ለፊቴ አቆምኳትና ያለችኝን ሁሉ ኮስታራነት ሰበሰብኩ። «አልታዬ፣ ይህ ትእዛዝ ነው። ጠዋትና ማታ አንቺ ትቀቢያታለሽ። ካልቀባሻት ጠባሳው ይስባታል፣ ክንዷ ይቀራል፣ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። በሽታው በእጅ አይጋባም፤ እኔን እይኝ፣ ጭኔ ላይ ነው የወደቀችው።» ካርዷ ላይ ጽፌ ማኅተም አስመታሁ። አዲስ የቫዝሊን ብልቃጥ ዘረጋሁላት። አልታዬ «እሺ ሲስተር፣ ኧረ ምን ገዶኝ» አለች፤ እጆቿ ግን ነጠላዋ ውስጥ ነበሩ። ብልቃጡን የተቀበለችው ብርሀንነሽ ናት።

ከወር በኋላ በገበያ ቀን ለኪኒኗ ተመልሳ መጣች። አራት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ታጥባ። በሽታው በወሩ ውስጥ አንዴ ብቻ ነው የጣላት። ፈትሏን እንደገና ጀምራለች፤ ለእኔም አንድ ልቃቂት አምጥታልኛለች፣ በእጇ በእጄ ሰጠችኝ።

«አልታዬስ? ትቀባሻለች?»

«ጠዋት ማታ!» አለች ፈጥና። «አንድም ቀን አላስታጎለችም። እጇ እንደ እርስዎ አይሞቅም እንጂ በጣም ደህና ናት። ይኸው።» ከመቀነቷ ብልቃጡን አወጣችና ክዳኑን ከፈተችልኝ። ከግማሽ በላይ አልቋል፤ ጣት የቆፈረው ጉድጓድ ይታያል።

ደስ አለኝ። አጠገቤ ላለችው ነርስ ሳይቀር «አየሽ፣ ሰው ሲያዙት ይሰማል» ብዬ ጎረርኩ። «በይ አዙሪ፣ ልየው» አልኳት።

ልብሷን ከትከሻዋ አወረደች፣ ጀርባዋን ሰጠችኝ፣ እንደ ድሮዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አንገቷ ሥር፣ ትከሻዋ፣ ክንዷ ለስልሶ ያብለጨልጫል። ከዚያ በታች፣ እስከ ትከሻ አጥንቷ ግርጌ፣ ጠባሳው ደርቆ አመድ መስሏል፣ እንደ በጋ መረሬ መሬት ተሰነጣጥቋል። በሁለቱ መካከል ድንበር አለ። ከላይ በትከሻዋ በኩል የወረዱ የአራት ጣት ፈለጎች፣ ከታችም በብብቷ ሥር የገቡ የአራት ጣት ፈለጎች ይታያሉ፤ ተጠማዝዘው፣ ተንጠራርተው፣ እጇ እስከቻለው ድረስ ሄደው አንድ መስመር ላይ ይቆማሉ። ከዚያ ወዲያ ቫዝሊን የነካው ነገር የለም። የማንም እጅ አልነበረም። የራሷ ብቻ ነበረ።

«እንዴት ነው ሲስተር?» አለች ሳትዞር። ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት ነበር። እንዳላየው ፈልጋ ነው። አልታዬን እንዳልቆጣ፣ እኔም እንዳላዝን፣ አራት ሰዓት መንገድ ውሸቷን እያጠናች መጥታለች።

«ጎበዝ ናት አልታዬ» አልኩ። «አመስግኚልኝ።»

ጓንት አላደረግኩም። ከብልቃጡ በሦስት ጣቴ ዛቅ አድርጌ ከመስመሩ በታች አሳረፍኩ። ትከሻዋ መጀመሪያ ሽቅብ ተወጠረ፣ ከዚያ ትንፋሿ ወጣና ወረደ። የደረቀው እየጠጣ፣ እየጠጣ፣ እኔም እየደገምኩ አሸሁላት። ውጭ ወረፋ የያዙት ማጉረምረም ጀምረው ነበር፤ አልተነሳሁም።

«ዳነ ማለት ነው?» አለችኝ።

ድኗል። ሃያ ሁለት ዓመት ቁስል ያየሁ ሴት ነኝ፤ ከዚያ በላይ የዳነ አይቼ አላውቅም፣ የሚያሳስበው ድርቀቱ ብቻ ነው።

«ገና ነው» አልኳት። «በየገበያው ቀን ትመጫለሽ።»